ላም አትጾምም፤ አይባችንን ለእንግዳ እናቅርብ!

የጎንደር ልጆች፣ የወገራ፣ የዳባት፣ የደባርቅ ወገኖቼ፣ ሁዳዴ ሳይገባ እንነሳ!

ፋሲል ግቢን ጎብኝቶ ወይም ከሰሜን ተራሮች ወርዶ ምሳ የሚቀመጥ፣ ሥጋ የማይበላ እንግዳ ብዙ ነው። እኛ የጾም በያይነቱ እናቀርብለትና ጨረስን እንላለን። እሱ ግን ከወተት አልጾመም! ወተት ይጠጣል፣ እርጎ ይበላል። ቺዝ ሲቀርብለት ነው የሚያመነታው፤ ልክም ነው።

ብዙ የውጭ ቺዝ የሚረጋው በሬኔት ነው። ሬኔት በጥንቱ አሠራር ጡት ካልጣለ ጥጃ ጨጓራ የሚወጣ ኢንዛይም ነው፤ ጥጃው ታርዶ ማለት ነው። የጣሊያኑ ፓርሚጃኖ ዛሬም በዚሁ ይሠራል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የፈቀደችው፣ በረቂቅ ተሕዋስያን የሚመረት ኢንዛይምም አለ። ማሸጊያው ካልተናገረ ግን ተመጋቢው በምን ይለየው?

የእኛን አይብ ተመልከቱ። ወተቱ በወይራ በታጠነ ዕቃ ውስጥ በራሱ ጊዜ ይረጋል። ይገፋል፤ ቅቤው ይወጣል። አሬራው ለስለስ ባለ እሳት ይሞቃል። ያኔ ባክቴሪያዎች የፈጠሩት አሲድና ሙቀቱ ተጋግዘው ነጩን አይብ ከአጓቱ ይለዩታል። ከጥጃ ጨጓራ የሚገባበት ምንም የለም!

ይህን ለእንግዳው ማን ነገረው? ማንም።

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። የከተማው ሸማች ይጾማል፣ ላም ግን አትጾምም። ቅቤው ተነጥሮ ይቆያል፤ አይቡ አይቆይም፣ የእናቶቻችን ድካምም አብሮት ይበላሻል። በዚያው ወቅት አይብ የሚበላ እንግዳ ሆቴላችን ተቀምጧል! ይህ ሊያንገበግበን ይገባል።

ባለሆቴሎች፣ ምግብ ዝርዝራችሁ ላይ ጻፉት፦ «የአገር አይብ፣ ሬኔት የሌለበት»። የክትፎ ማንኪያ አታስነኩት። የውጭ ቺዝ የምታቀርቡ ከሆነ ማሸጊያውን አንብቡ፤ ካልተጻፈ «አናውቅም» በሉ እንጂ እንግዳ አታታልሉ።

አስጎብኚዎች፣ ተናገሩ። አሠራሩን አሳዩ።

እናቶቼ፣ ወተቱን አፍልታችሁ ለብ ሲል እርሾ ጣሉበት፤ ዕቃውን እጠቡ፣ እጠኑ፣ አይቡን ከድናችሁ በዕለቱ አድርሱ።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች፣ በረቱ ድረስ ሂዱ። የላሞቹን ጤና ተከታተሉ፣ ስለ ንጽሕና አስተምሩ።

ነገሩን አታሳድሩት! ቅዳሜ ገበያ ውረዱ። ባለአይቧን ፈልጉ። ቅመሱ። ዋጋ ተስማሙ። የሁዳዴውን አይብ ከአሁኑ ተዋዋሉ!