«ምንም የለብህም» የበሽታ ስም አይደለም

ዛሬ ስለ ዳርት ላወራችሁ ነው። አዎ፣ ያ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ክብ ሰሌዳ ላይ የሚወረወረው። «ዶክተር፣ ይሄ ደግሞ ከጤና ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ትንሽ ታገሱኝ።

ዳርት ለኛም እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) በሚያዘጋጀው የሠራተኞች ስፖርት ከዳማና ከጠረጴዛ ቴኒስ ጋር ውድድር ይደረግበታል። እንግሊዝ ውስጥ ግን እንጀራ የሚበላበት ትልቅ ስፖርት ነው። የራሱ ፕሪሚየር ሊግ አለው። 8 ተጫዋቾች ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ለ16 ሳምንት፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ይጋጠማሉ። አራቱ ምርጦች ግንቦት ላይ ለንደን ገብተው ዋንጫውን ይለያሉ።

እ.ኤ.አ. የ2025ቱ የውድድር ዘመን ደግሞ የሁለት ሉኮች ነበር። ሉክ ሊትለር ያኔ ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበር። ከ16ቱ ምሽቶች 6ቱን አሸንፎ ሰንጠረዡን በአንደኝነት ጨረሰ። ግንቦት 21 ማታ በፍጻሜው ግን ዋንጫውን ያነሳው ሌላኛው ሉክ፣ ሉክ ሀምፍሪስ ነው፤ 11 ለ 8። ከዓመት በፊት በዚያው መድረክ፣ በዚያው ልጅ 11 ለ 7 ተሸንፎ ነበር።

የኔ ጉዳይ ከሀምፍሪስ ጋር ነው። ይህ ሰው የዓለም ሻምፒዮን ከመሆኑ ከጥቂት ዓመታት በፊት መድረክ ላይ ቆሞ ልቡ ድው ድው እያለ፣ ጭንቀት ሰውነቱን እየያዘው ይቸገር ነበር። አልደበቀውም። ጭንቀት እንዳለበት በአደባባይ ተናገረ፣ እርዳታ ፈለገ፣ ክብደቱንም በብዙ ኪሎ ቀነሰ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

እስቲ አስቡት። ዳርት ሯጭ የሚያሸንፍበት ስፖርት አይደለም። ተጫዋቹ ከሰሌዳው 2.37 ሜትር ርቆ ይቆምና 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ቀጭን መስመር ውስጥ ያስገባል። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይጮኻል፤ እጁ ግን መንቀጥቀጥ የለበትም። በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ የልብ ምት መፍጠንና የእጅ መንቀጥቀጥ ማለት ለኛ ሾፌር ዓይኑን እንደ መታመም ነው። ያም ሆኖ ሰውየው «ይሄ ነገር አለብኝ» አለ፣ ታከመ፣ ተመልሶ አሸነፈ።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ከአየር ጤና እስከ አስራ ስምንት ማዞሪያ፣ ከቤቴል እስከ ወይራ ሰፈር ይሄንኑ ታሪክ በብዙ አፍ ትሰማላችሁ። ሰውየው ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጧል። ምንም ሳይኖር ድንገት ልቡ ይመታል፣ ደረቱ ይጨንቃል፣ አየር ያጥረዋል፣ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ «አሁን ልሞት ነው» ይላል። ተሯሩጦ ክሊኒክ ይደርሳል። ኢሲጂ ይነሳል፣ ደም ይሰጣል። ውጤቱ ጥሩ ነው። ከዚያ ያቺ አረፍተ ነገር ትመጣለች፦ «ምንም የለብህም።»

ሰውየው ደስ ብሎት ይወጣል። በሳምንቱ ይደገማል። ሌላ ክሊኒክ፣ ሌላ ኢሲጂ፣ ሌላ ገንዘብ። በሦስተኛው ወር ሚኒባስ መሳፈር ያቆማል። በስድስተኛው ሥራ መቅረት ይጀምራል። ቤተሰቡም «ሲያስመስል ነው» ይላል፤ ምክንያቱም ሐኪሙ ራሱ ምንም የለበትም ብሏላ!

የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ «ምንም የለብህም» ምርመራ አይደለም፣ ከሕክምና ቤት አፍ መውጣትም የለበትም። ትክክለኛው መልስ እንዲህ ነው፦ «ልብህ ደህና ነው። ያጋጠመህ ግን ስም አለው፣ ፓኒክ አታክ ይባላል፣ ይታከማል።» ለማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የተመላላሽ ታካሚው ሰልፍ እንደሚረዝም አውቃለሁ፤ ግን ይህ ግማሽ ደቂቃ ሰውየውን ከስንት ክሊኒክ ዙረት ያድነዋል።

«ጭንቀት ነው ሲባል እኮ ታካሚው ራሱ ይቆጣል» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። እውነት ነው። «እብድ ነህ እያልከኝ ነው?» ብሎ የሚነሳ አለ። አማኑኤል ሆስፒታል የሚለው ስም ራሱ በሰፈር ቀልድ ውስጥ ስድብ ሆኗል። ግን ሰው የሚቆጣው ስላልተብራራለት ነው። አብራሩለት፦ ሰውነታችን አደጋ ሲያይ አድሬናሊን ይለቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይበዛል። ትንፋሽ ከመጠን ሲበዛ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ጣት ይደነዝዛል፣ ራስ ይዞራል። በፓኒክ ጊዜ አደጋው ባይኖርም ደወሉ ይደወላል። ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና ይበርዳል። ሕመሙ ውሸት አይደለም፤ ውሸቱ ደወሉ ነው።

ዝም ሲባል ደግሞ ሰው የራሱን መድኃኒት ይፈልጋል። ሁለቱን ልጥቀስ።

አንደኛው መጠጥ ነው። ዳርት እዚህም ላይ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ2004 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው አንዲ ፎርድሃም ከባድ ጠጪ ነበር፤ ሳይጠጣ እንደማይጫወት ራሱ ተናግሯል። ጉበቱ ክፉኛ ተጎዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በ59 ዓመቱ አረፈ። አልኮል ለሁለት ሰዓት ያረጋጋል፤ ሲወጣ ግን ልብን ከበፊቱ በላይ ያስመታል። ማታ «ለማረጋጋት» የጠጣ ሰው ጠዋት ፓኒኩ የሚብሰው ለዚህ ነው። ጫትም ቢሆን አድሬናሊን ላይ አድሬናሊን መጨመር ነው። በቀን አምስት ስኒ ቡናም እንደዚያው።

ሁለተኛው ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚወሰድ ክኒን ነው። ፕሮፕራኖሎል የልብ ምትንና የእጅ መንቀጥቀጥን ይቀንሳል፤ እጅን ስለሚያረጋጋ በዳርት ውድድር ላይ እንደ አበረታች ቅመም የተከለከለ ነው። አስም ላለበት ሰው ግን ትንፋሹን ሊዘጋው ይችላል። ዳያዜፓምም ወዲያው ያረጋጋል፣ በሳምንታት ውስጥ ግን ሱስ ይሆናል። ጓደኛ ስለተሻለው ብቻ አትዋጡት።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. መጀመሪያ ታዩ። ሁሉም የልብ ምት ጭንቀት አይደለም። ኢሲጂ፣ የደም ማነስ፣ የታይሮይድና የስኳር ምርመራ ያስፈልጋል። አገራችን ውስጥ የጉሮሮ ሕመም አምጥቶት የቀረ የልብ በሽታ ወጣቶችን ስለሚይዝ የልብ ድምፅ በማዳመጫ መደመጥ አለበት።

2. እነዚህ ካሉ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ፦ ስትሠሩ ወይም ዳገት ስትወጡ የሚመጣ የደረት ሕመም፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ራስን ስቶ መውደቅ፣ የአንድ እግር እብጠት ከትንፋሽ ማጠር ጋር፣ በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነት ድንገት የሞተ ሰው።

3. ምርመራው ንጹሕ ከሆነና ጥቃቱ ከተመላለሰ «ታዲያ ስሙ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መብታችሁ ነው። የንግግር ሕክምና አለ፣ መድኃኒትም አለ። መድኃኒቱ ለመሥራት ሳምንታት ስለሚፈልግ በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብላችሁ አትተዉት። ጸበሉንም ዱዓውንም ማንም አይከለክላችሁም፤ ከሕክምናው ጋር አብሮ ይሄዳል።

4. ጥቃቱ ሲመጣ አትሩጡ። ተቀመጡ፣ በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ከሳባችሁበት ረዘም አድርጋችሁ አስወጡ። ለራሳችሁ «ይሄን አውቀዋለሁ፣ ያልፋል» በሉ።

ለቤተሰብና ለጓደኛ ደግሞ አንድ ነገር፦ «ወንድ አይደለህ እንዴ!» የሚለውን ተዉት። አንድ የዓለም ሻምፒዮን ልቡ እንደሚመታበት በአደባባይ መናገሩ ክብሩን አልቀነሰበትም፤ እንዲያውም ዋንጫው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የናንተ ልጅ፣ ወንድም ወይም የሥራ ባልደረባ ዋንጫ አያስፈልገው ይሆናል። ጠዋት ተነስቶ ያለ ፍርሃት ታክሲ ተሳፍሮ ሥራው ቢደርስ ይበቃዋል። እሱን ለማግኘት መጀመሪያ የሚያምነው ሰው ያስፈልገዋል።

እንዲህ የሚያደርገው ሰው የምታውቁ ከሆነ ይህን ጽሑፍ በውስጥ መስመር ላኩለት፤ ኮሜንት ላይ ግን ስሙን ታግ አታድርጉት። ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልን።