ርጥብ ሣር ስለ ያዙ እጆች

ይድረስ ለተከበራችሁ የልዕለ ጀግና ሥዕላዊ ታሪክ ደራስያንና ሠዓልያን፤

 

እጣን ኮሚክስ በ2018 እ.ኤ.አ. «ጀምበር» የተባለውን ሥዕላዊ ታሪክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲያወጣ፣ የአሜሪካው ሱፐርማን ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጋዜጠኝነት ደመወዙን እየበላ ሲበር፣ የመጽሐፉ ጀግና የእኛው አማኑኤል ጥላሁን ግን ዲግሪውን ይዞ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት መሆኑ ልቤን ደስ አሰኝቶታል። ነገር ግን ከባሕር ማዶ የተወረሰ አንድ የአሠራር ልማድ ሙያችሁን እንዳያመክነው እሰጋለሁ፤ እርሱም ታሪኩን ሁሉ የድብድቡ ገጽ መንደርደሪያ ማድረግና፣ ኃይልን በጡጫ ብቻ መመዘን ነው።

«ጀምበር» በወጣበት በዚያው ዘመን፣ በመስከረም 2011 ዓ.ም.፣ በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ የተፈጸመው ግድያ ተሰምቶ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል በወጡ ጊዜ፣ የጋሞ አባቶች ርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ሣር የያዘ አባቱን ተራምዶ ማለፍ ነውር ነውና ቁጣውን ዋጠ። ይህንን ለመሣል ጡንቻ አያስፈልግም፤ ባንዱ ሣጥን የተነሣች እግር በሚቀጥለው ሣጥን ወደ ኋላ ስትመለስ ማሳየት ግን፣ ሕንፃ ከማፍረስ እጅግ የረቀቀ የብሩሽ ጥበብን ይሻል።

ይህም ጥበብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ በ44 ክፍል ከፋፍለው በአንድ ሸራ የሚሥሉት ሠዓልያን፣ ተመልካቹን ከሣጥን ወደ ሣጥን የሚስቡት በሰይፍ ሳይሆን፣ ቅመም የበዛበት ማዕድ ባስከተለው ጥምና ንግሥቲቱ ከንጉሡ ቤት ምንም ላለመውሰድ የገባችውን መሐላ ባፈረሰችበት በአንድ ጽዋ ውኃ ነው። ጥም ይህን ያህል ልብ ከሰቀለ፣ የአማኑኤል ሥራ ማጣት ምን ያህል ሊሰቅል ይችል ነበር!

ስለዚህ በሚመጣው እትማችሁ ቢያንስ አንዱን ጠብ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች ለፍርድና ለዕርቅ በሚቀመጡበት አደባባይ፣ በዱቡሻ ላይ በዕርቅ እንድትቋጩት በትሕትና እለምናችኋለሁ። ጀግናችሁም ከሽማግሌዎቹ በስተኋላ ይቀመጥ፤ ገና ልጅ ነውና።

አንባቢያችሁ፣ ከካምባ