ልጁ አልተደበቀም

ስለ ሰሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት ስለሚመጣው የእንቅስቃሴ መዛባት) በሚሰጡ ሥልጠናዎችም በጥናቶች ምክረ ሐሳብም አንድ ማብራሪያ ይደጋገማል። የገጠር እናት የምትጨነቀው ሕመሙን እንደ ቁጣ ወይም እንደ ልክፍት ስለምታየውና አፍራ ልጇን ስለምትደብቅ ነው ይባላል፤ መድኃኒቱም «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ነው። ሐሜቱ አለ። «ምን ሠርታ ይሆን?» የሚል አንደበት ከጋይንትም ከእስቴም አይጠፋም፤ ያቆስላልም። የጭንቀቱ ዋና ምንጭ እሱ ነው መባሉን ግን አልቀበልም።

በስማዳ፣ አገሩ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ በሚወርድበት ገደላገደል፣ ዘጠኝ ዓመት የሞላውና አንገቱ ያልጠና ልጅ ቤተ ክርስቲያን የሚደርሰው በሰው ጀርባ ብቻ ነው። ተሽከርካሪ ወንበር ቢሰጠውም ዳገቱ አያስኬደውም። እናቱ ቤት ስትተወው ደበቀችው እንላለን። ማብላቱን ብቻ እንይ። ማኘክና መዋጥ ስለሚቸግረው እንጀራው በወጥ እስኪላቆጥ ይርሳል፤ ራሱ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ በግራ ክንዷ ደግፋ በጥቂት በጥቂቱ ታጎርሰዋለች። ትን ሲለው ታቆማለች፤ እስኪረጋጋ ጠብቃ እንደገና ትጀምራለች። አንድ ገበታ አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ውኃውና እንጨቱ ገና ነው። አጨዳ ሲደርስ ወንፈል አለ፤ ወንፈል ደግሞ ብድር ነው። ጉልበቷን መመለስ ያቃታት ሴት ማንም ሳያባርራት ከጎረቤቶቿ ትነጠላለች።

ጸበል መመላለሷም ያላዋቂነት ማስረጃ ተደርጎ ይቀርብባታል። እዚያ ግን ሌሎች አስታማሚዎች አሉ፤ ልጁን ለአፍታ የሚይዝላት፣ ድካሟን ሳትነግረው የሚያውቅላት ሰው ታገኛለች። ይህን ሳይተኩላት ጸበሉን መንቀፍ ደግ አይመስለኝም።

ነገሩ የእምነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሕክምናውም ወንበሩም ባለበት አገር ጭንቀቱ በቀለለ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመውና በካናዳ ኦንታሪዮ ሰሬብራል ፓልሲ ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 468 ተንከባካቢዎችን ያካተተው ጥናት ግን ከተንከባካቢዎቹ ጤና ጋር በዋናነት ካገናኛቸው ነገሮች መካከል የልጁ ጠባይ አስቸጋሪነትና የእንክብካቤው ክብደት ይገኙበታል።

እንግዲህ መፍትሔውም ከዚህ ክብደት ይጀምር። ልማታዊ ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ጉልበት ያለውን ድሃ በማኅበረሰብ ሥራ፣ የሌለውን በቀጥታ ድጋፍ ይይዛል። ይህች እናት ጤነኛ ስለሆነች ጉልበት ካላቸው ልትቆጠር ትችላለች፤ ጉልበቷን ግን ልጁ አስቀድሞ ወስዶታል። ወደ ቀጥታ ድጋፍ ትዛወር። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የሚጥል በሽታም ስላለባቸው ፌኖባርቢታል ከጤና ጣቢያው አይጥፋ። የአካባቢው አናጺ ራስና ወገብ የሚደግፍ መቀመጫ መሥራት ይማር፤ ልጁ ተደግፎ ሲቀመጥ የእናቱ ሁለት እጆች ይፈታሉ። ሥልጠናውም ይቀጥል፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ልጁን የሚይዝ ሰው ካልተመደበ እናቲቱ አትመጣም።