ሲስተም ሲጠፋ ፓምፑ ምን ያድርግ?

የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቃት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ «ሲስተም የለም»። ፎቶ ኮፒ አስደርገን፣ ፎርም ሞልተን፣ ወረፋ ጠብቀን፣ ተራችን ደርሶ መስኮቱ ጋ ስንቆም የምትቀበለን እሷ ናት። ይህ ሲስተም የሚሉት ነገር የት እንደሚኖር፣ ሲጠፋስ ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረን የለም። ብቻ እሱ ከሌለ ሠራተኛዋም፣ ማኅተሙም፣ ወረቀቱም እዚያው ተቀምጠው ሥራ የለም። እኛም «እሺ፣ ነገ እንመለሳለን» ብለን እንወጣለን።

እስካለፈው ክረምት ድረስ ይህ ነገር የሚያናድድ እንጂ የሚያስፈራ አይመስለንም ነበር። ለምን ቢባል፣ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ነዋ! ሰው ማዕከሉ ሲጠፋበት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ከመቀመጥ የሚመጣ ጉዳት ቢበዛ የኛ ቀን መቃጠል ነው። ግን መስኮቱ ላይ ማሽን ቢቀመጥስ? ማሽን ማዕከሉ ሲጠፋበት ምን ያደርጋል?

መልሱን ያገኘነው ከምንኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ነው።

የምንኖረው የካ ክፍለ ከተማ፣ ኮተቤ አካባቢ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ ነው። ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ለናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብናል። ውሃው የሚመጣው ሌሊት ስለሆነ ከምድር ቤቱ ታንከር ወደ ጣሪያው ሮቶ የሚገፋ ፓምፕ አለን። ድሮ የሚያበራውም የሚያጠፋውም ዘበኛችን ነበሩ። ኋላ ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ «ዘመናዊ መቆጣጠሪያ» አስገጠመ፤ ሁለት ሴንሰር፣ አንድ ትንሽ ሳጥን፣ አንድ ሲም ካርድ። የርክክቡ ቀን ሁላችንም ወርደን አየን። ሮቶው ሲሞላ ፓምፑ ቆመ፣ ሲጎድል ተነሳ። ተጨበጨበ፣ ለስላሳ ተጠጣ፣ ፎቶ ተነሳን።

ከዚያ አንድ ሌሊት ኔትወርክ ጠፋ። የታችኛው ሴንሰር «ውሃው እያለቀ ነው» ብሎ ለሳጥኑ ነገረው። ነገር ግን ውሃው ስንት ሴንቲ ሜትር ሲቀር ፓምፑ መጥፋት እንዳለበት የተጻፈው ሳጥኑ ውስጥ አልነበረም፤ ሌላ ሰፈር በሚገኝ ማዕከላዊ ዳታቤዝ ውስጥ ነበር። ሳጥኑ ማዕከሉን ጠየቀ። መልስ የለም። ጠበቀ። ፓምፑ ግን አልጠበቀም፤ ውሃ ሳይኖረው በባዶ ሲዞር አድሮ ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ሦስት ሳምንታት የኖርነው በጀሪካን ነው። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት እናት ውሃ የሚያወጣላቸው ልጅ ፍለጋ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ ማየት ምን ያህል እንደሚያሳፍር የምናውቀው እኛ ነን። ሳጥኑን የገጠመው ባለሙያ ሲጠራ ምን አለ? «ሶፍትዌሩ ምንም ችግር የለበትም፤ ኔትወርክ ነው።»

የዛሬው ጨዋታችን ስለዚህች መልስ ነው። እኛ የተማርነው ጋዜጠኝነት ስለሆነ ለመፍረድ አልቸኮልንም። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር የሚጽፍ ወዳጃችንን መገናኛ ማኪያቶ ጋብዘን ጠየቅነው። «ፈትኖት ነበር ወይስ አልፈተነውም?» ስንለው ሳቀና «ፈትኖታል፣ ግን በሚሠራበት ቀን ነው የፈተነው» አለን።

ነገሩን ለመረዳት ያገዘን የራሳችን ሙያ ነው። አንድ አለቃ ሪፖርተሩን በየአምስት ደቂቃው እየደወለ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ሊለው ይችላል። ወይም «አዲስ ነገር ሲኖር ብቻ ደውልልኝ» ብሎት ሥራውን ይሠራል። የኛ ሳጥን የሚሠራው በሁለተኛው መንገድ ነው። ሴንሰሩ የሚናገረው አንድ ነገር ሲከሰት ነው፤ ሶፍትዌሩም የሚንቀሳቀሰው ያ መልእክት ሲደርሰው ነው። ባለሙያዎቹ ይህንን መልእክት «ኢቨንት» ይሉታል። ጊዜ ይቆጥባል፣ መስመር አያጨናንቅም። አንድ ክፉ ጠባይ ግን አለው፤ ዝምታው ሁለት ትርጉም አለው። ሪፖርተሩ ያልደወለው ሰላም ስለሆነ ነው ወይስ ስልኩ ስለተዘጋ? ይህንን አስቀድሞ ያልጠየቀ ሶፍትዌር ኔትወርክ የጠፋበትን ሌሊት እንደ ሰላም ሌሊት ይቆጥረዋል።

እሺ፣ ይህንን እንዴት ነው የሚፈትኑት? ወዳጃችን ላፕቶፑን ከፍቶ አሳየን። መጀመሪያ ማዕከላዊ ዳታቤዙን ጭራሽ ያስወግደዋል። እዚያ የሚቀመጡትን መመሪያዎች (ስንት ሲቀር ይጥፋ፣ ስንት ሲሞላ ይቁም) ከፈተናው ጋር አብራ በምትፈጠርና ፈተናው ሲያልቅ በምትጠፋ ትንሽ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል። ፓምፑ የት እንዳለ ማዕከሉን ከመጠየቅ ይልቅ አድራሻውን በቀጥታ ይሰጠዋል፤ እዚሁ ላፕቶፕ ላይ ነው። እውነተኛው ፓምፕም የለም። በምትኩ የታዘዘውን ሁሉ እየመዘገበ የሚያስቀምጥ የውሸት ፓምፕ አለ። ከዚያ ኢቨንቶቹን ይልካል። በትክክል ይልካል፣ ተራቸውን አዘበራርቆ ይልካል፣ አንዱን ሁለት ጊዜ ይልካል፣ አዘግይቶ ይልካል፣ ጭራሽ ሳይልክ ይቀራል። በመጨረሻ መዝገቡን ከፍቶ «አጥፋ» የሚለው ትእዛዝ መውጣት ባለበት ጊዜ ወጥቷል ወይ ብሎ ያያል። ሰዓቱም የውሸት ስለሆነ አንድ ሙሉ ሌሊት በአንድ ሰከንድ ያልፋል።

ዳታቤዙን ማስወገድ ለምን አስፈለገ? አንድ ዳታቤዝ የሚጋሩ ሁለት ልጆች እናስብ። አንዷ «20 ሴንቲ ሜትር ሲቀር ይጥፋ» ብላ ስትፈትን ሌላው በዚያው ደቂቃ 80 ብሎ ይጽፍበታል። የሷ ፈተና ይወድቃል፣ ጥፋቱ ግን የሷ አይደለም። ትናንት የተረሳ ቁጥርም የዛሬውን ፈተና ያበላሻል። ለብቻ ሲሆን እያንዳንዱ ፈተና ከዜሮ ይጀምራል፤ የወደቀው ፈተና የወደቀው በራሱ ኮድ ምክንያት ነው።

ይህ የድሃ ዘዴ እንዳይመስላችሁ። ፈረንሳይ፣ ግሬኖብል ባለው የአውሮፓ ሲንክሮትሮን የተጀመረ «ታንጎ» የሚባል የመሣሪያ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር አለ። ደቡብ አፍሪካና አውስትራሊያ ውስጥ የሚገነባው ኤስኬኤ የተባለው ግዙፍ የሬዲዮ ቴሌስኮፕም የመረጠው እሱን ነው። የደቡብ አፍሪካው ክፍል ብቻ በዕቅዱ 197 ሳህን መሰል አንቴናዎች አሉት። ታንጎ መሣሪያዎቹን የሚመዘግበው በማዕከላዊ ዳታቤዝ ነው። ሆኖም አንድን መሣሪያ ያለ ዳታቤዝ ለብቻው አስነስቶ መፈተኛ መንገድ አብሮት ተሠርቷል። ለዝምታውም መላ አለው፤ ላኪው አዲስ ነገር ባይኖርም በየጥቂት ሰከንዱ «አለሁ» ይላል። «አለሁ» ካልመጣ ተቀባዩ መስመሩ መቋረጡን ያውቃል። ለሚሞክሩት ልጆች አንዲት ምክር እናቀብል፦ ታንጎ ላይ ገና «አዲስ ነገር ሲኖር ንገረኝ» ብላችሁ ስትመዘገቡ የወቅቱን ዋጋ ወዲያው ይልክላችኋል። ኢቨንት የምትቆጥሩ ከሆነ ይቺን የመጀመሪያዋን አትርሷት። ደግሞም «ሦስት ሰከንድ ጠብቅ» ብላችሁ አትጻፉ፤ «እስኪመጣ ጠብቅ፣ ከዚህ ካለፈ ግን ወድቋል በል» በሉት።

ለኛ ግን ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። ለብቻ ስንፈትን ሴንሰሩን ማስዋሸት እንችላለን። ውሸት ስንል ቀልድ አይደለም፤ ይህ ጉዳይ በዚህች አገር ስንት ሰው እንዳስለቀሰ ታውቃላችሁ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 በስድስት ደቂቃ ውስጥ ወድቆ የ157 ሰዎች ሕይወት አለፈ። አውሮፕላኑ፣ ቦይንግ 737 ማክስ፣ ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር ነበረው። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከመጠን በላይ ቀና ብሏል የሚል መረጃ ሲደርሰው አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋል። አውሮፕላኑ ይህንን የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች ቢኖሩትም ኤምካስ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር። የዚያን ቀን የግራው ሴንሰር የተሳሳተ ቁጥር ላከ፤ ሶፍትዌሩም አምኖት ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018፣ በኢንዶኔዥያው ላየን ኤር 189 ሰዎች ያለቁት በተመሳሳይ መንገድ ነበር።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 ባወጣው ሪፖርት አንድ ነገር ጻፈ። አደጋው ምን ያህል ከባድ ሊሆን እንደሚችል ለመመዘን በተደረጉት ሙከራዎች ኤምካስ ያለ ቦታው ሲነሳ ምን እንደሚሆን ታይቷል፤ የሚያስነሳው ጥፋት ራሱ፣ ማለትም ሴንሰሩ የተሳሳተ ከፍተኛ ቁጥር ሲልክ፣ አልተሞከረም። ስለዚህ አብራሪዎቹ ላይ በአንድ ጊዜ የሚዘንበው የማስጠንቀቂያ ጋጋታም በሙከራው ውስጥ አልነበረም። ጋዜጠኝነት ስንማር የመጀመሪያው ትምህርት በአንድ ምንጭ ዜና እንደማይሠራ ነው። ምንጫችን ቢዋሽ ምን እናደርጋለን ብለን ሳንጠይቅ አናትምም። ሶፍትዌርም መጠየቅ ያለበት ይህንኑ ነው።

አሁን ደግሞ ቀና እንበል። ከየካ ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው እንጦጦን ያያል። እዚያ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። እንደነዚህ ያሉ ቴሌስኮፖች ዝናብ ሲመጣ ጣሪያቸው መዘጋት አለበት። ታዲያ «ዝናብ መጣ» የሚለው ኢቨንት ቢቀር ምን እንደሚሆን ለማወቅ በእውነተኛው መስታወት ላይ ውሃ የሚያፈስ ደፋር ማን ነው? የእንጦጦን የሐምሌ ዝናብ ላፕቶፕ ላይ በውሸት ማዝነብ ይሻላል።

እዚያው እንጦጦ ላይ የሳተላይት መሬት ጣቢያም አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችውን 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነውን የመጀመሪያዋን ሳተላይታችንን፣ ኢቲአርኤስኤስ-1ን፣ ያናገረው ይኸው ጣቢያ ነው። እንዲህ ዝቅ ብላ የምትዞር ሳተላይት ምድርን አንዴ ለመዞር ከአንድ ሰዓት ተኩል ጥቂት በለጥ ያለ ጊዜ ይፈጅባታል፤ ከአንድ ጣቢያ በላይ ስታልፍ ግን የምትታየው ለጥቂት ደቂቃዎች ነው። በቀረው ጊዜ ማዕከሉ ለሷ የለም። ባትሪዋ ቢዳከም፣ ፊቷ ከፀሐይ ቢዞር፣ «ሲስተም የለም» ብላ መጠበቅ አትችልም። ምን እንደምታደርግ አውቃ መሄድ አለባት። የኛ ሳጥን ያጣው ይህንን ዕውቀት ነው።

እውነት ለመናገር ለብቻ መፈተን ሁሉን አይጨርስም። እ.ኤ.አ. በ1999 የናሳ መንኮራኩር ማርስ ደርሳ ጠፋች። ምክንያቱ አንዱ ሶፍትዌር የግፊቱን መጠን በእንግሊዝ መለኪያ ሲያወጣ ተቀባዩ በሜትሪክ መጠበቁ ነበር። እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ጤነኛ ይመስሉ ነበር፤ ጥፋቱ የነበረው መጋጠሚያቸው ላይ ነው። ስለዚህ ለብቻው ያለፈ ሁሉ ኋላ ከእውነተኛው ዳታቤዝና ከእውነተኛው ፓምፕ ጋር አብሮ መፈተን አለበት። ግን ተራው ይከበር። ለብቻው መቆም ያልቻለውን ከሌሎች ጋር ብናቆመው የሚወድቀው ሌሎቹንም ይዞ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ኮምፒውተር የምታስተምሩ መምህራን፣ የመመረቂያ ሥራ ሲቀርብላችሁ ዲሞውን አይታችሁ አታጨብጭቡ፤ ተነስታችሁ የኔትወርኩን ገመድ ንቀሉት። ውጤቱን ከዚያ በኋላ ስጡ። ዕቃ የምትገዙ መሥሪያ ቤቶችና የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች፣ ውሉ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ማዕከሉ ሲጠፋ መሣሪያው ምን ያደርጋል? የፈተናውን ውጤት አሳዩን።» ይህንን ለመጠየቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። እኛ ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ሦስት ሳምንት ጀሪካን ባልተሸከምን ነበር።

አዲሱ ፓምፕ ሲገጠም ወዳጃችን ሳጥኑ ውስጥ አንድ መስመር ኮድ አስጨመረ፤ «ማዕከሉ ካልመለሰ አጥፋና ዘበኛውን ጥራ።» ርክክቡ ቀን ለስላሳ ከመከፈቱ በፊት ሲም ካርዱን አወጣነው። ፓምፑ ቆመ፣ ደወሉ ጮኸ፣ ዘበኛችን ከጎጇቸው ብቅ አሉና «ምን ሆነ?» አሉ።

«ሲስተም የለም» አልናቸው። ከዚያ ለስላሳው ተከፈተ።