ሃምሳ ሳምንት የዘበኛ፣ ሁለት ሳምንት የጌታው

"ባሕር ዳር ቤት ሠራሁ" የሚል ሰው ሲገጥመን የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማን ይኖርበታል? መልሱ ከትንሽ ዝምታ በኋላ ይመጣል። "ለጊዜው ዘበኛ አለ… እኛ እንግዲህ ለጥምቀት ብቅ እንላለን።"

ለጊዜው! አምስት ዓመት የሞላው "ለጊዜው" እናውቃለን።

ከወዲሁ እንግባባ። ሊኖርበት ቤት የሚሠራውን ሰው አንነካም፤ እሱማ እንኳን ደስ ያለው። ነገራችን ከለንደን፣ ከዋሽንግተን ወይም ከቦሌ ሆኖ ጣና ዳር በዓመት ሁለት ሳምንት ለማረፍ ባለ አንድ ፎቅ ከሚያቆመው ወዳጃችን ጋር ነው። አንዳንዱ ባሕር ዳር ላይ ያቆማል። አንዳንዱ ደግሞ በትውልድ ከተማው፣ ለምሳሌ ከወረታ አልፎ አዲስ ዘመን ሳይደረስ ባለችው ይፋግ ላይ ያቆማል። አጥሩ ከሰው ቁመት እጥፍ፣ አናቱ ላይ የተሰባበረ ጠርሙስ፣ መስኮቱ ሰማያዊ መስታወት። ውስጡ ባዶ። ሰርቪሷ ውስጥ ዘበኛው ከነቤተሰቡ፣ ጓሮው ላይ የዘበኛው ጎመንና ዶሮዎች። ቤቱን በእውነት የሚኖርበት እሱ ነው፤ ያውም ሳሎኑ ተቆልፎበት።

እስቲ ለአፍታ እንግሊዝ አገር ደርሰን እንመለስ። እዚያ ለዕረፍት የሚገዛ "ካራቫን" የሚባል ነገር አለ። ስሙ በመኪና የሚጎተት ቤት ያስመስለዋል፤ አንደኛው ዓይነት ግን ከቆመበት አይነቃነቅም። ውቅያኖስ ዳር በታጠረ ግቢ ውስጥ ተደርድሮ ይቆማል። ቤቱ የገዢው፣ መሬቱ የግቢው ባለቤት ነው። ገዢው በአሥር ሺዎች ፓውንድ ከፍሎ ይገዛዋል፣ ከዚያ ለቆመበት መሬት በየዓመቱ በሺዎች ፓውንድ ይከፍላል፣ ኢንሹራንሱና ጋዙም አለ። ዓመቱን ሙሉ ልኑርበት ቢል አይፈቀድለትም። ዋጋው እንደ መኪና ይወርዳል። ውሉ ሲያልቅ ወይም ካራቫኑ ሲያረጅ "አንሣልን" ይባላል። የሚያሳዝነው፣ ብዙ ሰው ከመግዛቱ በፊት የሚያሰላው የመግዣውን ዋጋ ብቻ መሆኑ ነው።

"እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም" እንዳትሉ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ሰጠ፤ ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ቢያንስ 10 በመቶው በቅድሚያ፣ የቀረው በየዓመቱ ከነወለዱ ይከፈል አለ። በጊዜው ግንባታ ያልጀመረ ውሉ ይሰረዝበታል አለ። ስለዚህ ወዳጃችን፣ ያ ሁሉ ኮንክሪት ከሕጉ አንጻር ካራቫን ነው። ቤቱ የአንተ፣ የቆመበት የሌላ። ልዩነቱ የእንግሊዙ ካራቫን ዋጋው ሲወርድ ያንተው መውጣቱ ነው፤ እሱን በኋላ እንመጣበታለን።

በነገራችን ላይ ካራቫን ለሚለው ቃል የእኛው ሰው ሲራራ የሚል የራሱ ስም አለው። ይፋግ ደግሞ ሲራራን አሳምራ ታውቃለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጎንደርና በጎጃም መንገድ ላይ ከነበሩ ስመ ጥር ገበያዎች አንዷ ነበረች፤ አሞሌው የሚመነዘርባት፣ ጥጥ የሚሸጥባት፣ ቀረጥ የሚከፈልባት። የሲራራ ነጋዴ ይመጣል፣ አጋሰሱን ያራግፋል፣ ድንኳኑን ይተክላል፣ ገበያው ሲፈታ ነቅሎ ይሄዳል። ከእነዚያ ሁሉ ነጋዴዎች መካከል "በዓመት ሁለት ጊዜ ስለምመጣ ይፋግ ላይ ሰገነት ላሠራ" ያለ ስለመኖሩ አልሰማንም። ሂሳብ ያውቁ ነበራ!

እስቲ እኛም እንሥራው። ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፤ የራሳችሁን ተኩባቸው።

ቤቱ 6 ሚሊዮን ብር ፈጀ እንበል። በዓመት 14 ሌሊት ይታደርበታል። ዘበኛው በወር 5,000፣ በዓመት 60,000 ብር። ለጥገና ከቤቱ ዋጋ 1 በመቶ ብንይዝ ሌላ 60,000 ብር ነው፤ ይኼ ቸርነት ነው፣ ምክንያቱም ባዶ ቤት ሰው ከሚኖርበት ቤት ቶሎ ያረጃል። ቧንቧው ውኃ ሳይሄድበት ይዘጋል፣ ምስጥ የበሩን መቃን ከውስጥ ይጨርሰዋል፣ ቆርቆሮው ሲያፈስ የሚያየው የለም፣ የታየው ኮርኒሱ ከወደቀ በኋላ ነው። ለሊዝ፣ ለቤት ግብር፣ ለመብራትና ለውኃ 20,000 ብር ጨምሩ። ድምሩ 140,000 ብር። ለ14 ሌሊት ሲካፈል አንዱ ሌሊት 10,000 ብር።

ገና ነው። ያ 6 ሚሊዮን ብር ሌላ ቦታ ቢቀመጥ ኖሮ? ተራ የቁጠባ ደብተር ላይ በ7 በመቶ ብናስበው እንኳ በዓመት 420,000 ብር ነው። ለሌሊቱ 30,000 ብር ተጨማሪ። አንድ ሌሊት 40,000 ብር ሆነ ማለት ነው፤ ሁለቱ ሳምንት 560,000 ብር። አሁን ስልካችሁን አንሡና ጣና ዳር ያሉትን ሆቴሎች ጠይቁ። ጊዮን ደውሉ፣ ኩሪፍቱ ደውሉ። በዚህ ገንዘብ ቤተሰቡ በሙሉ ስንት ሌሊት እንደሚያድር፣ ቁርሱ ተጨምሮ፣ አንሶላው በየቀኑ ተቀይሮ፣ እነሱ ይንገሯችሁ።

ግብሩ ደግሞ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች የሚሄድ አይመስለንም። የተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ማጽደቁን ያስታውሷል።

ከሁሉም የከፋው ግን ብር አይደለም፤ አለመንቀሳቀሱ ነው። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሰዓት እላፊው፣ የመንገዱ መዘጋት፣ የኢንተርኔቱ መጥፋት ተከተለ። ከባሕር ዳር ይፋግ መንገዱ ሰላም ሲሆን የሁለት ሰዓት ጉዳይ አይደለም፤ ሲዘጋ ግን ከለንደን ይርቃል። ሆቴል የያዘ ሰው ስልክ ደውሎ ይሰርዛል፣ ሐዋሳ ወይም አርባ ምንጭ ይሄዳል። ቪላ አይሰረዝም። ጥምቀት መጥቶ ይሄዳል፣ ዘበኛው ደመወዙን ይቀበላል፣ ጌታው ሲልቨር ስፕሪንግ ቁጭ ብሎ የሳሎኑን ፎቶ በስልኩ ያያል።

ሐይቁስ ቢሆን መች ባለበት ይቆማል? በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ያጥለቀለቁትን የአካባቢው ሰው አይረሳውም። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ አለ፤ የበረታውም በዚሁ በሰሜኑና በምሥራቁ ዳርቻ ነው። "የሐይቅ ዕይታ" ብለው የገዙት መስኮት በር ላይ አረንጓዴ ምንጣፍ ተነጥፎ ይጠብቃል። ወባውን ዝም ብለነዋል።

ሌላው ወጪ በደረሰኝ አይመጣም። ባለቤቱ ውጭ ነው፤ ስለዚህ ውክልና ለወንድም ይሰጣል። ወንድም ሲሚንቶ ይገዛል፣ አናጺ ይቀጥራል፣ ማዘጋጃ ቤት ይሰለፋል፣ የራሱን ሥራ ትቶ ሦስት ዓመት ይሮጣል። ምስጋናው? "የብረቱ ሂሳብ አልገባኝም" የሚል የሌሊት ስልክ። አንዳንዱማ ካርታው ራሱ በእህቱ ስም ነው፤ እህት ደግሞ ትዳር አላት፣ ልጆች አሏት፣ ባል አላት። የውጭ ዜግነት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በራሱ ስም ቤት እንዲኖረው አዋጅ ቁጥር 270 ከወጣ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነው፤ ግን ቢጫ ካርዱን ለማውጣት ከመሰለፍ የእህት ስም ይቀላል ተባለ። አንድ እናት ልጅ የነበሩ ሰዎች ፍርድ ቤት ደጅ ላይ ሳይተያዩ የሚተላለፉት እንዲህ እያለ ነው። የዚህን ሂሳብ ለሌሊት አካፍሉልን።

አሁን መልሱ ይመጣል፣ እናውቀዋለን። "ብር እየቀለጠ ቤት ያልሠራ ሞኝ ነው!" ይኼ ተራ ክርክር አይደለም። 7 በመቶ ወለድ የኑሮ ውድነቱን አይደርስበትም፤ ከፍ ብለን የቆጠርነው 420,000 ብርም ባንክ ውስጥ ሆኖ መቅለጡ አይቀርም ነበር። ቤቱ ግን ዋጋው ጨምሯል። እሺ። ግን የጨመረው ምኑ ነው? ሰማያዊው መስታወት ነው? የጨመረው የቦታው ይዞታ ነው፤ ቤቱማ በየክረምቱ እያረጀ ነው። ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይወሰን ሲባል ከዚያ በፊት 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚያች ቀን በፊት 100,000 ዶላር ልኮ በ5.7 ሚሊዮን ብር የሠራ ሰው፣ ያንኑ 100,000 ዶላር ለማየት ብቻ ቤቱን ከ10 ሚሊዮን ብር በላይ መሸጥ አለበት። ብሩን መልሶ ዶላር ማድረጉ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ስለዚህ "ዋጋው ጨመረ" ስትሉ በምን እንደለካችሁት ንገሩን።

ቁጠባ ነው ካላችሁ ደግሞ ቁጠባ በሉት፤ ዕረፍት አትበሉት። ቁጠባ የሆነ ቤት ሰው ይኖርበታል፣ ኪራይ ያስገባል። ግን አታከራዩትም! ምክንያቱም ለጥምቀት ትፈልጉታላችሁ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ በሚሠራበት ከተማ ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ተከራዩን ለሁለት ሳምንት "ዞር በልልኝ" ማለት አይቻልም። ለ14 ሌሊት ብላችሁ የ351 ሌሊት ኪራይ ጣላችሁ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው እኛን የሚያንገበግበን። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ያገኘ እኩያችን ደመወዙን ግማሽ ገደማ ለአንዲት ሰርቪስ ክፍል ይከፍላል። ማኅበር ተደራጅቶ ዓመታት ይጠብቃል። ከክፍሉ መስኮት ሆኖ የሚያየው መብራት በርቶበት የማያውቅ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ቦታው የተገኘው ደግሞ ከአርሶ አደር ማሳ ላይ ነው፤ ፎገራ ሜዳ ላይ ከሆነ ሩዝ ይታጨድበት የነበረ ማሳ ላይ። ገበሬው ካሳውን ይዞ ወጣ፣ ወጣቱ ወረፋ ላይ ነው፣ ቤቱ ባዶ ነው። ዘበኛው ጎመኑን ያጠጣል።

"ልጆቻችን አገራቸውን ይወቁ ብለን ነው" የምትሉት ታሳዝኑናላችሁ፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ልጁ አገሩን የሚያውቀው ጠርሙስ በተተከለበት አጥር ውስጥ በዋይፋይ ታብሌት እየነካካ ነው? አያቱ ቤት ነው የሚያውቀው። ለምን እዚያ አያድርም? እውነቱን እንነጋገር፤ በሽንት ቤቱ ምክንያት ነው። ከሜሪላንድ የመጣ የስምንት ዓመት ልጅ ጓሮ ያለውን ጉድጓድ አይቶ አለቀሰ፣ እናቱ ደነገጠች፣ በማግሥቱ ባሕር ዳር ሆቴል ገቡ፣ በዓመቱ ቪላ ተጀመረ። በሽንት ቤት ምክንያት ቪላ!

እንግዲያው ሽንት ቤቱን ሥሩት። ይፋግ እናታችሁ ግቢ ውስጥ አንድ ደህና ክፍል፣ አንድ መታጠቢያ፣ አንድ ሮቶ ከነማቆሚያው። ከቪላው ዋጋ ጋር ሲተያይ ምኑም አይደለም። እናንተ ባትመጡም እናታችሁ በሞቀ ውኃ ትታጠብበታለች፣ ዓመቱን ሙሉ። ዘበኛ አያስፈልገውም፤ የሰፈሩ ሰው እሷን ሊጠይቅ ሲገባ ሲወጣ ይውላል። ሁለቱን ሌሊት ደግሞ ጣና ዳር ሆቴል እደሩ፤ ከ2015 ወዲህ ቱሪስት የራቃቸው አስተናጋጆችና ጀልባ ነጂዎች ናፍቀዋችኋል።

እናት አባት ያለፉበትስ? ወንድምና እህት ሆናችሁ አንዷን የአባታችሁን ቤት አድሱ፣ ተራ ግቡ። ወይም እቁብ ጣሉ፤ ዕጣው የወጣለት ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል፣ በወጪው አይሳቀቅም።

ሠርታችሁ ጨርሳችሁ ከሆነስ? አፍርሱ አላልንም። ይፋግ የሚመደቡ አስተማሪዎችና ነርሶች ቤት ይፈልጋሉ። አንዷን ክፍል ለሻንጣችሁ ቆልፉና የቀረውን አከራዩት። ለጥምቀት ስትመጡ አስተማሪዋን ቡና ጥሯት፤ ኮርኒሱ የት የት እንደሚያፈስ ከወንድማችሁ ይልቅ እሷ አጣርታ ትነግራችኋለች።