ጉልበት የማይፈታው የቪዲዮ መቆራረጥ

ሚኒ ፒሲ በሚባለው፣ ከቴሌቪዥን ጀርባ ሊሸጎጥ በሚችልና ጥቂት ዋት ብቻ በሚጠቀም አነስተኛ ኮምፒውተር ላይ የ4ኬ ቪዲዮ መቆራረጥ ሲጀምር፣ ከሻጩም ከጠጋኙም ከወዳጅም የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፤ ማሽኑ አቅም የለውም ይባላል። ፍርዱን ተከትሎ የሚመጣው ምክርም የታወቀ ነው፤ ራም ይጨመርለት፣ ካልሆነም ጠንከር ያለ ፕሮሰሰር ባለው ማሽን ይቀየር፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን፣ የኢንተርኔቱ ፍጥነት ከፍ ይበል፣ ሃርድዌር አክስለሬሽን የተባለው ማስተካከያ ይጥፋ ይባላል። እነዚህ ምክሮች አልፎ አልፎ ችግሩን እንደሚያስወግዱ አይካድም፤ የተመሠረቱበት እምነት፣ ማለትም የኮምፒውተር አቅም በኮር ብዛት፣ በጊጋኸርዝና በጊጋባይት ተለክቶ የሚያልቅ አንድ ወጥ ነገር ነው የሚለው አስተሳሰብ ግን ቪዲዮን በተመለከተ ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። ስሕተቱ ደህና ማሽኖችን ያስጥላል፣ ለማይረዳ ዕቃም ገንዘብ ያስወጣል፤ እንደ ኢትዮጵያ ባለ፣ የኮምፒውተር ዕቃ በውጭ ምንዛሬ ተገዝቶ በሚገባበት አገር ደግሞ ኪሳራው ይብሳል።

የስሕተቱን ሥር ለማየት ቪዲዮ ስክሪን ላይ እስኪደርስ የሚያልፍበትን ሂደት መመልከት ያስፈልጋል። የ4ኬ ምስል በአግድም 3,840፣ በቁም 2,160 ነጥቦች ወይም ፒክስሎች ስላሉት አንድ ፍሬም፣ ማለትም በተከታታይ ከሚታዩት ምስሎች አንዱ፣ ከ8.2 ሚሊዮን በላይ ፒክስሎችን ይይዛል፤ በሰከንድ 60 ፍሬም ሲታይ ቁጥሩ ወደ 498 ሚሊዮን ይጠጋል። ለእያንዳንዱ ፒክስል 24 ቢት ተመድቦ ይህ ሁሉ ሳይጨመቅ ቢላክ በሰከንድ 12 ጊጋቢት ያህል ይፈጅ ነበር፤ በኢንተርኔት የሚመጣው የ4ኬ ቪዲዮ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ሜጋቢት ገደማ ነው። ይህን እጅግ ሰፊ ልዩነት የሚያጠበው ኮዴክ የሚባለው የመጨመቂያና የመፍቻ ስልት ሲሆን፣ ፍሬሞች እርስ በርስ የሚመሳሰሉበትን እየፈለገ በዋናነት ልዩነታቸውን ይመዘግባል። በተመልካቹ ዘንድ ያለው ኮምፒውተር ይህን መዝገብ ፈትቶ ምስሉን መልሶ ለመገንባት ለእያንዳንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ ከ17 ሚሊሰከንድ ያነሰ ነው፤ ከዚያ የዘገየ ፍሬም ይጣላል፣ የተጣሉት ሲበዙም ዓይን መቆራረጥን ያያል።

የመፍታቱ ሥራ በሁለት መንገድ ሊከናወን ይችላል። አንደኛው ሁሉን ሥራ በሚሠራው ዋና ፕሮሰሰር ላይ በሶፍትዌር መፍታት ሲሆን፣ ሁለተኛው በግራፊክሱ ክፍል ውስጥ ለዚሁ ተግባር ብቻ ተቀርጾ የተቀመጠውን ዲኮደር፣ ማለትም ፈቺ ሰርኪዩት፣ መጠቀም ነው። ዲኮደሩ ሸክሙን በጥቂት ኤሌክትሪክ ይወጣዋል፣ ዋናው ፕሮሰሰርም በዚያን ጊዜ ሥራ ፈት ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። ይሁን እንጂ ዲኮደሩ የሚያውቀው በፋብሪካ የተቀረጸለትን ኮዴክ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ኮዴክ ሲገጥመው እንደሌለ ይቆጠራል። ኮዴኮች ደግሞ አይቆሙም። ኤች.264 እ.ኤ.አ. በ2003፣ ኤችኢቪሲና ቪፒ9 በ2013፣ ኤቪ1 በ2018 ወጥተዋል፤ እያንዳንዱም ከቀዳሚው የተሻለ የሚጨምቀው ለመፍታት የበለጠ ስሌት እየጠየቀ ነው።

ነገሩን ለማሳየት በሚኒ ፒሲዎች ውስጥ በብዛት የሚገኙትን የኢንቴል ኤን5105ንና ኤን100ን ማነጻጸር ይበቃል። በ2021 የወጣው ኤን5105 ኤችኢቪሲንና ቪፒ9ን በ4ኬ ያለ ችግር የሚፈታ ዲኮደር አለው፤ ለኤቪ1 ግን ምንም የለውም። በ2023 የወጣውና ለ6 ዋት የተነደፈው ኤን100 ኤቪ1ንም ይፈታል። ከሁለቱም በብዙ እጥፍ የሚፈጥነው፣ 8 ኮርና 45 ዋት ያለው የኤኤምዲ ራይዘን 7 5800ኤች ደግሞ የኤቪ1 ዲኮደር ስለሌለው ያንኑ ቪዲዮ በሶፍትዌር ለመፍታት ኮሮቹን ያሠማራል፤ ያሳየዋል፣ ነገር ግን እየሞቀና ማቀዝቀዣው እየጮኸ ነው። በአንድ ሰሌዳ ላይ በተሠሩት ትንንሽ ኮምፒውተሮች ዘንድ ያለው ምሳሌ ከዚህም ይልቅ ግልጽ ነው፤ በ2023 የወጣው ራስበሪ ፓይ 5 በአጠቃላይ ስሌት ከቀዳሚው ከፓይ 4 በእጅጉ የላቀ ሆኖ ሳለ፣ ቀዳሚው የነበረው የኤች.264 ዲኮደር ከእርሱ ላይ ተነሥቷል። በኮርና በጊጋኸርዝ ደረጃ የሚሰጥ ሰው እነዚህን ማሽኖች ሁሉ በተሳሳተ ቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል።

ዩቲዩብ ከ1080 በላይ ለሆነ የምስል ጥራት የሚጠቀመው ቪፒ9ን ወይም ኤቪ1ን በመሆኑ፣ ያው ማሽን ባንዱ ቪዲዮ ለስላሳ፣ በሌላው ቁርጥራጭ ምስል ሊያሳይ ይችላል፤ ሁለቱም 4ኬ ተብለው የተጻፉ ስለሆኑ ግን ባለቤቱ ልዩነቱን አያይም፣ ጥፋቱንም የዕለቱ ኢንተርኔት ላይ ይጥላል።

ራም ይጨመር የሚለው ምክር እውነት የሚመስለው ራም ሲጨመር አንዳንድ ጊዜ ለውጥ ስለሚታይ ነው፤ የለውጡ ምክንያት ግን ከሚታሰበው የተለየ ነው። አንድ ባለ 10 ቢት የ4ኬ ፍሬም በራም ላይ የሚይዘው ቦታ ወደ 25 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ፣ ዲኮደሩ ለማመሳከሪያ የሚያቆያቸው ፍሬሞች ሁሉ ተደምረው ጥቂት መቶ ሜጋባይት ቢሆኑ ነው፤ 8 ጊጋባይት ያለው ማሽን ፊልም ለማየት ብቻ 16 የሚያስፈልገው ምክንያት የለም። ለውጥ የሚመጣው ሁለተኛው ራም ሲሰካ ፕሮሰሰሩ በሁለት ቻናል፣ ማለትም በሁለት የመረጃ መተላለፊያ በአንድ ጊዜ መሥራት ሲጀምር ነው፤ የራሱ የተለየ ማኅደረ ትውስታ የሌለው ግራፊክስ ከዋናው ራም ስለሚቀዳ የመተላለፊያው ስፋት ይጠቅመዋል። ኤን100 ግን ከመነሻው በአንድ ቻናል ብቻ እንዲሠራ ስለተሠራ ይህ ጥቅም እንኳ አይደርሰውም። ምክንያቱን ሳይለይ ለሁሉም ማሽን ራም የሚያዝ ሰው ለኤን100 ባለቤት ያለ ፋይዳ ወጪ ያስወጣዋል።

ከምክሮቹ ሁሉ እጅግ ጎጂው ሃርድዌር አክስለሬሽን ይጥፋ የሚለው ነው። ይህን ማስተካከያ በብራውዘር ወይም በቪዲዮ ማጫወቻ ውስጥ ማጥፋት ማለት ዲኮደሩን ከሥራ አግልሎ ሸክሙን በሙሉ በዋናው ፕሮሰሰር ላይ መጫን ማለት ነው። ምክሩ ከባዶ አልተነሣም፤ ድራይቨር፣ ማለትም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙና የግራፊክሱ ክፍል የሚግባቡበት ሶፍትዌር፣ ጉድለት ሲኖርበት ምስሉ አረንጓዴ ይሆናል፣ ይርገበገባል፣ ብራውዘሩም ይዘጋል፤ አክስለሬሽኑ ሲጠፋ እነዚህ ምልክቶች ይወገዳሉ። ጥፋቱ ድራይቨሩ ጋ መሆን አለመሆኑን ለማጣራት ለአንድ አፍታ አጥፍቶ ማየት ተገቢ ፈተና ነው። የተሳሳተው ፈተናው መፍትሔ ተደርጎ መቆጠሩና ለምስል መርገብገብ የተገኘው ዘዴ ለምስል መቆራረጥም መታዘዙ ነው። ጠንካራ ፕሮሰሰር ባለው ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ጉዳቱ አይታወቅም፤ በሚኒ ፒሲ ላይ ግን ማሽኑ የተሻለውን አካሉን ይነጠቃል። ከወራት በኋላ ያ ማስተካከያ ይረሳና ማሽኑ ደካማ ነው ተብሎ ይፈረድበታል፤ ያደከመው ምክሩ ራሱ ሆኖ ሳለ ማለት ነው።

ዲኮደሩ ማንም ሳያዝ ከሥራ ውጭ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ ይህን የተለመደው ምርመራ ፈጽሞ አይነካውም። ብራውዘሮች ችግር አለባቸው ብለው በዝርዝር ለያዟቸው ድራይቨሮች አክስለሬሽኑን በዝምታ ያቋርጣሉ። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖ የአምራቹ የግራፊክስ ድራይቨር ሳይገባ ሲቀር፣ ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር የተባለው ምትክ ሥራውን ይይዛል፤ ይህ ምትክ ምስል ያሳያል እንጂ ዲኮደሩን አያሠራም፤ ስለዚህ ለመድኃኒትነት የታዘዘው ዳግም ጭነት በሽታውን ራሱ ሊያመጣ ይችላል። በሊኑክስ በኩልም ፋየርፎክስ ለኢንቴል ግራፊክስ አክስለሬሽኑን በራሱ ማብራት የጀመረው በ2023 በወጣው 115ኛው እትም ነው፤ ኤምፒቪ የተባለው የተመሰገነ ማጫወቻም ተጠቃሚው ካላዘዘው በቀር በሶፍትዌር ይፈታል። ኤችኢቪሲ ላይ ደግሞ የፓተንት ክፍያ አለበት፤ በዊንዶውስ ላይ አብሮት የሚመጣው ማጫወቻ ይህን ኮዴክ እንዲያሳይ ከማይክሮሶፍት ስቶር ለብቻው የሚሸጥ ማሟያ ሊያስፈልገው ይችላል። ከእነዚህ አንዱም በፕሮሰሰር ጉልበት የሚፈታ ጉዳይ አይደለም።

ትክክለኛው ምርመራ ከግምት ይልቅ ማሽኑ የሚናገረውን መስማት ነው፣ ያም ነጻና ቀላል ነው። ከ2017 ጀምሮ የዊንዶውስ ታስክ ማኔጀር የግራፊክሱን ሥራ ከፋፍሎ ስለሚያሳይ፣ ቪዲዮ እየታየ የዲኮደሩ መስመር ባዶ ሆኖ ፕሮሰሰሩ ጣሪያ ከነካ ዲኮደሩ አልተጠራም ማለት ነው። በዩቲዩብ ቪዲዮው ላይ በቀኝ ጠቅ ተደርጎ የሚከፈተው ስታትስ ፎር ነርድስ የተባለው ሰሌዳ የኮዴኩን ስም፣ የተጣሉትን ፍሬሞች ቁጥርና ቀድሞ ተጭኖ የተጠራቀመውን ቪዲዮ መጠን ያሳያል፤ ተጠራቅሞ የቆየው በቂ ሆኖ የተጣሉት ፍሬሞች እየጨመሩ ከሄዱ ችግሩ ኢንተርኔቱ ጋ አይደለም፣ የተጠራቀመው እያለቀ ምስሉ የሚቆም ከሆነ ግን ኢንተርኔቱ ጋ ነው። በእነዚህ ሁለት ማሳያዎች ሊለይ የሚችለውን ነገር ሳይመለከት ወጪ የሚያዝ ጠጋኝ ሥራውን አልሠራም።

የተጣለ ፍሬም ሳይኖር ምስሉ የሚንገጫገጭበት ሁኔታም አለ፣ ይህም በአቅም ማነስ የሚተረጎመው በስፋት ነው። አብዛኛው ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም የተቀረጸ ሲሆን አብዛኛው ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል። 60 ለ24 በሙሉ ቁጥር ስለማይካፈል፣ አንዱ ፍሬም ለ33፣ ቀጣዩ ለ50 ሚሊሰከንድ እየተፈራረቀ ይቆያል፤ ካሜራው ወደ ጎን በዝግታ ሲዞር ይህ አለመመጣጠን ግልጽ ሆኖ ይታያል። የዓለም ፈጣኑ ኮምፒውተር በዚሁ ስክሪን ላይ ቢሰካ ያንኑ መንገጫገጭ ያሳያል። መፍትሔው የስክሪኑን የመታደስ ፍጥነት ወደ 24 ኸርዝ ማውረድ ወይም ማጫወቻው እንደ ፊልሙ እንዲቀያይረው መፍቀድ ነው። እንደ ኮዲ ባሉ ማጫወቻዎች ይህ አንድ ማስተካከያ ብቻ ነው፤ ሆኖም በዚህ ምክንያት ማሽን የሚቀይሩ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ሙቀትና ዋይፋይ በተለመዱት ምክሮች ውስጥም ስለሚነሡ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በአቧራ የታፈነ ሚኒ ፒሲ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ የሚመጣ ከባድ ፋይልም በኬብል ቢመጣ ይሻላል። ምልክቱም ይለያል፤ በሙቀት የሚመጣው መቆራረጥ አብዛኛውን ጊዜ ከተወሰነ ቆይታ በኋላ ይጀምራል እንጂ ከመጀመሪያው ሰከንድ አይነሣም።

ማሽኑ በእውነት የማይችልበት ጊዜ የለም ማለት አይደለም። ባለ 10 ቢት የሆነውን የኤች.264 ዓይነት አብዛኞቹ ዲኮደሮች ስለማያውቁት በሶፍትዌር መፈታቱ ግድ ነው፤ እዚህ ላይ የኮር ጉልበት ይወስናል። ኤን5105ም ኤቪ1ን በ4ኬ 60 ፍሬም ያለ ዲኮደር እንዲፈታ ቢገደድ ይደክማል። ነገር ግን በዚህም ጊዜ ቢሆን የመጀመሪያው እርምጃ ማሽን መለወጥ አይደለም፤ ያው ቪዲዮ በቪፒ9 እንዲመጣ ብራውዘሩን ማስተካከል ወይም ፋይሉን ዲኮደሩ በሚያውቀው ኮዴክ መፈለግ ይቻላል።

የዚህ ሁሉ ግራ መጋባት ትልቁ ድርሻ የሻጮች ነው። በሚኒ ፒሲ ካርቶን ላይ በደማቁ የሚጻፈው 4ኬ ይደግፋል የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለ ማሽኑ መውጫ ሶኬት ብቻ ነው፤ ዴስክቶፑን በ4ኬ ወደ ስክሪን መላክ መቻልና የ4ኬ ቪዲዮን መፍታት መቻል ሁለት የማይገናኙ ችሎታዎች ሲሆኑ አንደኛው የሁለተኛውን ስም ተውሶ ይሸጣል። የመውጫው ነገር ራሱ ሙሉ አይደለም፤ በ2009 የወጣው ኤችዲኤምአይ 1.4 የ4ኬ ምስልን በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ሲያስተላልፍ፣ 60 የሚያስተላልፈው በ2013 የወጣው 2.0 ነው፤ በመጀመሪያው የተሠራ ማሽን የ60 ፍሬም ቪዲዮን ግማሽ ምስሎች ለተመልካቹ ሊያደርስ አይችልም፣ በካርቶኑ ላይ ግን ያው 4ኬ የሚለው ቃል ይኖራል። ገዢው ሊያውቀው የሚገባው ዲኮደሩ የትኞቹን ኮዴኮች፣ በስንት ቢትና በሰከንድ እስከ ስንት ፍሬም እንደሚፈታ፣ መውጫው የትኛው የኤችዲኤምአይ እትም እንደሆነና ራሙ በስንት ቻናል እንደሚሠራ ነው። የፕሮሰሰር አምራቾች የዲኮደሩንና የራሙን መረጃ በቴክኒክ ሰነዶቻቸው ውስጥ አውጥተውታል፣ የመውጫውን እትም ደግሞ ማሽኑን የገጣጠመው ድርጅት ያውቀዋል፤ ከኮሩ ቁጥር ጎን አንድ መስመር ጨምሮ በካርቶኑ ላይ ማተም የሚከለክል የቴክኒክ ምክንያት የለም።