ያነበበው ሰው ይሠራው ይሆን?

ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ መጻፍ ተምረናል። ዛሬ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ እንመልከት። አንድ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ጽሑፍ ነው። መመሪያ ይባላል። በመድኃኒት ብልቃጥና በውሃ ፓምፕ ላይ ታገኙታላችሁ። ይህን መጻፍ ሙያው የሆነ፣ ደመወዝ የሚበላበት ሰውም አለ።

እኔ ቀላል መስሎኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ፣ ይህ አያቅተኝም ብዬ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ክረምት ገብቶ ልጆች ተቅማጥ ያዛቸው። ተቅማጥ ልጅን የሚገድለው ብዙ ጊዜ ከሰውነቱ ውሃና ጨው ስለሚያልቅ ነው። ለዚህ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባል ዱቄት በእሽግ ይሰጣል። እኔም አዘገጃጀቱን በትልቅ ወረቀት ጽፌ የትምህርት ጣቢያችን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። «እሽጉን በአንድ ሊትር ውሃ በጥብጡ። ውሃው አስቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን» ይላል።

በማግስቱ ልጃቸው የታመመባቸው አንዲት ተማሪዬ ቤት ሄድኩ። ዱቄቱን በጥሬ ውሃ በጥብጠው ድስቱን እሳት ላይ ሊጥዱ ነው።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«አንተ የጻፍከውን ነዋ! መጀመሪያ በጥብጡ አልክ። ቀጥሎ ይፍላ አልክ።»

ድስቱን ባየው ውሃው ከሁለት ብርጭቆ አይበልጥም። «ሊትርማ ስንት እንደሆነ መች ጻፍክ? በግምት ነው» አሉኝ።

ደነገጥኩ። ውሃው ካነሰ ጨው ይበዛል፤ ጨው ከበዛ ልጁን ይጎዳዋል። ከተበጠበጠ በኋላ ማፍላትም አይገባም፤ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። ያንን ደፍተን ሌላ እሽግ አመጣን። እትዬ ምን አጠፉ? በትክክል አነበቡ። አዲስ አንባቢ አንድ መስመር ያነባል፣ ይሠራል፤ ቀጥሎ ያለውን ከዚያ ያነባል። የሚቀድመውን ወደ ኋላ ያደረግኩት እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ራሴ አንድም ቀን በጥብጬ አላውቅም ነበር።

ማታ በኩራዝ እንደገና ጻፍኩ።

1. ውሃ አፍሉ። አቀዝቅዙ።
2. ከቀዘቀዘው ውሃ በቢራ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ለክታችሁ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ጨምሩ።
3. አንድ እሽግ በሙሉ ጨምሩ። አማስሉ። ዳግም አታፍሉ።
4. ለልጁ ጥቂት በጥቂት አጠጡ።
5. አንድ ቀን ያለፈውን ድፉ።
6. የልጁ ዓይን ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ከመለጠፌ በፊት ለእትዬ ሰጠኋቸው። እኔ ዝም ብዬ አያለሁ። ዝም ማለት እንዴት ያስቸግራል መሰላችሁ! እትዬ ሁለተኛው ላይ ቆሙ። «እስከ አፉ ነው እስከ አንገቱ?» አሉ። እርሳሴን አውጥቼ «እስከ አንገቱ» ብዬ ጨመርኩበት። ያን ጊዜ ለጠፍኩት።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በባንግላዴሽ አገር ብራክ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 እንዲህ ያለውን መጠጥ በቤት ማዘጋጀት ለእናቶች አስተማረ። ቤት ለቤት እየተዞረ ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤቶች ተዳረሱ። እዚያ መለኪያው እጅ ነበር፤ ጨው በሦስት ጣት ቆንጥሮ፣ ያልተጣራ ስኳር በእጅ ጨብጦ። (ይህ የእነሱ ልክ ነው። እናንተ እሽጉ ላይ ያለውን ተከተሉ።) ከሁሉ የገረመኝ የአስተማሪዎቹ ክፍያ ነው። ቆይቶ ሌላ ሰው ይሄድና እናቲቱን ይጠይቃታል። አስተማሪዋ የሚከፈላት እናቲቱ ባስታወሰችው ልክ ነው። እኔ በዚህ ሒሳብ ቢከፈለኝ፣ የመጀመሪያው ወረቀቴ አምስት ሳንቲም አያስገኝልኝም ነበር።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። እጃችሁ በደንብ የሚያውቀውን አንድ ሥራ ምረጡ፤ ጠላ መጥመቅ ሊሆን ይችላል፣ ማረሻ ማሰር ሊሆን ይችላል። በአንድ መስመር አንድ ሥራ ብቻ ጻፉ። ሥራውን ለማያውቅ ሰው ስጡትና አፋችሁን ይዛችሁ ተመልከቱ። የቆመበት መስመር ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ።

እኔ በሬ ጠምጄ አላውቅም። ስለ ጥማድ የጻፈ ካለ፣ ቅዳሜ ማለዳ ወረቀቱን ይዞ ይጥራኝ።